ሰርቮ የሌለው ፍሬን ድንጋይ ሲሆን፦ በቮልስ ሻንሲ ላይ መኪና ለሠራችሁ መመሪያ

ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ቮልስ ሻንሲ ላይ ክፍት መኪና ሠራሁ። ሞተሩ ቆንጆ ነው፣ መሪውም ቀላል ነው፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ሆነብኝ። ሰርቮ ልግጠምለት?» አንዱ ከድሬዳዋ ሳቢያን ይደውላል፣ ሌላው ከሐረር። እየደጋገምኩ ከማወራው አንዴ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ገና ነው፣ ሰርቮውን (የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ዕቃ) ተዉት። ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣም ሰርቮ አልነበረውም። እናንተ ደግሞ የፋብሪካውን ቦዲ አውልቃችሁ ቀለል ያለ ነው የጫናችሁበት። ስለዚህ ፔዳሉ ከድሮው ከከበደ የጎደለው ሰርቮ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። እስካሁን ካየኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ ላይ ያገኘሁት ከሦስት አንዱን ነው፦ ከልክ ያለፈ ትልቅ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው)፣ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር ያልተገጣጠመ ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው)፣ ወይም እጅ ስለማይገባበት ብቻ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ፍሬን። ሦስተኛው ይበዛል።

መመሪያው የተጻፈው አራቱም ጎማ ታምቡር ለሆነ መኪና ነው። ፊቱን ዲስክ ያደረጋችሁ የሚመለከታችሁ ቦታ ላይ እጠራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክሪክ እና ሁለት የብረት ማቆሚያ። ብሎኬት ማቆሚያ አይደለም፣ ይሰነጠቃል።
- 7፣ 10፣ 11 እና 13 ቁጥር ቁልፍ። የፍሬን ቱቦ ዳዶ 11 ነው፣ የአየር ማስወጫው ኒፕል 7።
- 36 ቁጥር ቡሶላ ከረጅም ቧንቧ ጋር (ለኋላ ታምቡር)
- ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን)
- 1 ሊትር ዶት 4 የፍሬን ዘይት፣ ክዳኑ ያልተነካ
- ኒፕሉን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ቀጭን ግልጽ ቱቦ እና ባዶ ሃይላንድ
- ጠመኔ፣ ካርታ ቬትሮ፣ ማስመሪያ
- የቤት ሚዛን፣ ሰው የሚመዘንበት
- የእጅ ባትሪ እና ትንሽ መስታወት
- ላሜራ፣ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎንና ዳዶ፣ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ
- ፔዳል የሚረግጥላችሁ ሰው

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የማታነሱትን ጎማ ከፊትም ከኋላም በእንጨት ያዙት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፣ ሥሩ አትግቡ።

የሸራውን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ በአፍም እፍ አትበሉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። በውሃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ጣሉ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ዓይን ውስጥ ከገባም እንዲሁ በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሌላው ምክሬ በጠዋት ጀምሩ የሚል ነው። ድሬ ላይ ከ5 ሰዓት በኋላ ላሜራ በእጅ አይነካም፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ረዳታችሁን አታገኙትም። በርጫ ላይ ያለ ሰው ፔዳል እንዲረግጥ መጥራት አይመከርም።

1. ፔዳሉ ምን እያለ እንደሆነ ስሙ

መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ርገጡት። «ከበደኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግርም።

መጀመሪያ እግራችሁን ለኩ። የቤት ሚዛኑን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በአንድ እግር ግፉት። 30 ኪሎ ሲያነብ እግራችሁ ላይ ምን እንደሚሰማ ያዙት። ሰርቮ በሌለው መኪና ጠንከር ያለ ፍሬን ማለት እዚያ አካባቢ ነው። ከሰርቮ መኪና ለወረደ ሰው ይህ ከባድ ይመስለዋል፣ ግን ጤነኛ ነው። ግማሹ ደዋይ እዚህ ጋ ችግሩ ያልቃል።

ከዚያ ፔዳሉን አንብቡ፦

- አጭርና ደረቅ፣ እንጨት የመርገጥ ያህል፦ ማስተሩ ትልቅ ነው፣ ወይም ሸራው በትክክል አይነካም።
- ረጅም፣ ግን ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ የሚያጥር፦ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ማስተካከል ይፈልጋል።
- እንደ ስፖንጅ የሚላላ፦ አየር አለ፣ ወይም የጎማ ቱቦው አርጅቶ ሲረገጥ ይነፋል።
- ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ፦ የማስተሩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) አልቋል፣ ወይም የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ይህን ይዛችሁ አትንዱ።

2. ማስተሩንና ፔዳሉን ለኩ

ሰርቮ ሲኖር ጉልበቱን ሰርቮው ያመጣል። ሰርቮ ከሌለ ሁለት ነገር ብቻ ናቸው የእግራችሁን ጉልበት የሚያበዙት፦ የፔዳሉ ርዝመትና የማስተሩ ጥበት። ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው። ትልቅ ማስተር የበለጠ ይይዛል ብሎ ያስባል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው።

ፔዳሉ ከሚዞርበት ፒን እስከ እግር ማረፊያው መሃል ለኩ። ቀጥሎ ከዚያው ፒን የማስተሩ ዘንግ እስከሚገፋበት ነጥብ ለኩ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። 240 ሚሊሜትር ለ40 ሲካፈል 6 ይመጣል። ሰርቮ ለሌለው ፍሬን ከ5 እስከ 6 ጥሩ ነው። 4 ከሆነ ፔዳሉ የመጣው ከሰርቮ መኪና ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ማስተሩን። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ተቀርጿል፣ በሚሊሜትር ወይም በኢንች ክፍልፋይ። በ30 ኪሎ እግርና በ6 እጥፍ ፔዳል ማስተሩ ላይ 180 ኪሎ ይደርሳል። የቮልሱ ባለ 19.05 ሚሊሜትር ማስተር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 63 ኪሎ ግፊት ታገኛላችሁ። ከሌላ መኪና የወጣ ባለ 22.2 ከሆነ ግን ግፊቱ ወደ 46 ይወርዳል። ያንኑ 63 ለማግኘት እግራችሁ 41 ኪሎ መግፋት አለበት። «ድንጋይ ሆነ» የተባለው ይኸው ነው።

ታዲያ በጣም ትንሽ ማስተር ለምን አንገጥምም? ትንሽ ማስተር በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት ትንሽ ነው። ሸራው ታምቡሩ ጋ ሳይደርስ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ የራሱን የቮልሱን ልክ ግጠሙ። ምርጫ ካላችሁ ደግሞ ለሁለት የተከፈለውን ማስተር ያዙ፣ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሌላው መስመር ይቀርላችኋል።

ፊቱን ዲስክ ያደረጋችሁ፦ ታምቡር ውስጥ ያለው የፊተኛው ሸራ በጎማው ዙረት ራሱ እየተሳበ ይነክሳል። ዲስክ ይህ የለውም፣ የሚይዘው በገፋችሁት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስክ አድርጋችሁ ፔዳሉ ቢከብድ አይግረማችሁ። በተጨማሪ የታምቡር ማስተር መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ይህ ቫልቭ ወደ ዲስኩ በሚሄደው መስመር ላይ ከቀረ ሸራው ዲስኩን አይለቅም፣ ይግላል። ለዲስክ የተሠራ ማስተር ፈልጉ።

3. የእጅ መግቢያ ክፈቱ

እዚህ ጋ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም እኔንም ያስቀጣኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያዋን መኪና ስሠራ የፊቱን ወለል በ34 ሪቬት ዘጋሁት። ቆንጆ ነበር፣ ሰው ሁሉ አደነቀልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማስተሩ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ግን አላየሁትም፣ የማየው በምን ቀዳዳ ነው? ያወቅኩት ከዚራ መብራት ላይ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ነው። የእጅ ፍሬኑ አዳነኝ። በማግሥቱ 34ቱንም ሪቬት አንድ በአንድ በድሪል አወጣኋቸው።

ደንቡ ይህ ነው፦ የፍሬን ዕቃ የሆነ ሁሉ በዓይን ይታይ፣ በእጅ ይነካ፣ በቁልፍ ይዞር። አንድ ሰው፣ ያለ ረዳት፣ በአሥር ደቂቃ። ይህን የማያልፍ ቦታ መግቢያ ይፈልጋል።

ባትሪና መስታወት ይዛችሁ እነዚህን ፈትሹ፦

ሀ. *የዘይት ማጠራቀሚያው።* ቮልስ ላይ ማስተሩ እታች ነው፣ ማጠራቀሚያው ግን ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ተቀምጦ በቱቦ ይገናኛል። አዲስ ቦዲ ስትሠሩ ዝቅ አታድርጉት። ዘይቱ ወደ ማስተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ከላዩ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ክፍት ይሁን፣ አለበለዚያ ዘይት ስታፈሱ ግማሹ ውጭ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ቀዳዳ ቀለም እንዳይደፍናት ተጠንቀቁ።

ለ. *ማስተሩ።* በግራ በፊት ጎማ በኩል መታየት አለበት። ቱቦዎቹና የፍሬን መብራት ማብሪያው እዚያ ናቸው። ያሰሩት ብሎኖች የሚፈቱት ደግሞ ከፔዳል በኩል ነው። ስለዚህ ሁለት አቅጣጫ መግቢያ ያስፈልገዋል።

ሐ. *የጎማ ቱቦዎችና ማያያዣቸው።* መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ። ቱቦው አዲሱን ቦዲ ወይም ጎማውን ከነካ ይበላል።

መ. *ከታምቡር ጀርባ ያለው ሰሃን።* የማስተካከያ ቀዳዳውና ኒፕሉ እዚያ ናቸው። ሰፋ ያለ ፓራፋንጎ ስትገጥሙ ቁልፍ የሚዞርበትን ቦታ አስቡ።

ሠ. *የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዳዶዎች።* ማንሻው ሥር ናቸው። ብዙ ሰው መሃሉ ላይ የሚያምር ሳጥን ይሠራና ይቀብራቸዋል።

መግቢያውን ስትቆርጡ የምትነኩት ራሳችሁ የሠራችሁትን ቦዲ ብቻ ነው። ሻንሲውን አትቁረጡ። በተለይ መሃል ለመሃል ያለፈውን ቱነል፦ የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ ውስጡ ያልፋሉ፣ የመኪናዋም የጀርባ አጥንት እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤንዚን ታንከሩ ፊት ለፊት ነው፣ ከምትቆርጡበት ትንሽ ራቅ ብሎ። ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት ታንከሩን አውጥታችሁ ከግቢ አርቁ፣ ባትሪውንም ንቀሉ። ባዶ ታንከር ከሙሉው የባሰ ነው፣ ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው።

ለማስተሩ 20 በ25 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ጠርዙን በካርታ ቬትሮ አለስልሱ፣ ክንዳችሁን ደጋግማችሁ የምታስገቡበት ነው። መክደኛውን በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ከሥር አራት ዳዶ በይዱ፣ ከላይ በባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን እሰሩ። ዳዶው ከተበየደ አንድ ሰው በ10 ቁልፍ ብቻ ይከፍተዋል፣ ካልተበየደ ከሥር የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ፋይበር ቦዲ ከሆነ ዳዶዎቹን የብረት ልባጥ ላይ በይዳችሁ ልባጡን ለጥፉ። ላሜራ ላይ በቀጥታ የሚገባ ቪቴ አይሆንም፣ አምስት ጊዜ ከተፈታ ቀዳዳው ይሰፋል።

በጠርዙ ዙሪያ የከመነዳሪ ላስቲክ አንጥፉ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አንዴ ያቋረጠ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። አቧራው የሚገባው ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ነው፣ ከዚያ ዘይት ስትጨምሩ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ የማስተሩን ጎሚኒ ይልጋል።

4. የዘንጉን ክፍተት አስተካክሉ

ፔዳሉ ሳይረገጥ በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ፔዳሉን በጣት ስትገፉት ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ያለ ተቃውሞ ይሄዳል፣ ከዚያ ይነካል።

ይህች ክፍተት ለምን? ዘይት ሲግል ይስፋፋል። የተስፋፋው ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ማስተሩ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ዘንጉ ፒስተኑን ሁሌ ትንሽ ከገፋው ቀዳዳዋ ትደፈናለች። ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ ሸራውን ይገፋል። ጠዋት ደህና የነበረች መኪና ቀትር ላይ በራሷ የምትያዘው በዚህ ነው። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ የፔዳሉን ጉዞ በከንቱ ትበላላችሁ።

5. ታምቡሩን ፍቱ፣ ሸራውን በጠመኔ ፈትኑ

የኋላውን 36 ዳዶ መሬት ላይ እያለች፣ ጎማው ተይዞ፣ ፈታ አድርጉት። ክሪክ ላይ ሆናችሁ በቧንቧ አትታገሉ፣ መኪናዋ ትወርዳለች። ኮፒሊያውን መጀመሪያ አውጡ። የፊት ግራውን ስትፈቱ ዳዶው ወደ ተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያ በኩል ነው የሚወጣው።

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ትንሿን የጎማ ሲሊንደር። የላስቲክ ኮፍያዋን ገለጥ አድርጉ፣ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየራል፣ የሌላኛው ጎን ሸራም አብሮ። አንዱ ጎን ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።

ሁለተኛ፣ የሸራው ዓይነት። ስታስለጥፉ የጭነት መኪና ሸራ ቆርጠው የሚሰጡ አሉ። «ይኼ ዕድሜ ልክ ነው» ይሏችኋል፣ አልዋሹም፣ አያልቅም። የማያልቀው ስለማይነክስ ነው። ለቀላል መኪና ለስለስ ያለውን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ቅርጹ። አዲስ ሸራ ሙሉ ገጹን በጠመኔ ቀቡት። ታምቡሩን መልሳችሁ፣ በቀስታ ፍሬን አስረግጣችሁ፣ ጎማውን ሁለቴ በእጅ አዙሩ። ፍቱና እዩ። ጠመኔው መሃሉ ላይ ብቻ ከጠፋ ሸራው የሚነካው በዚያች ጣት በምታህል ቦታ ነው። ታምቡሩ ተበልቶ ሰፍቷል ወይም ተቶርኗል፣ ሸራው ግን የድሮውን ክብ ይዟል። በካርታ ቬትሮ የሚነካውን ቦታ እያለሰለሳችሁ ደጋግማችሁ ፈትኑ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪነካ። አሰልቺ ነው፣ አንድ ጎማ ግማሽ ጠዋት ይበላል። ግን ማስተሩ ልክ ሆኖ ፔዳሉ ከከበደ መድኃኒቱ እዚሁ ነው።

ስትመልሱ የኋላው ዳዶ 30 ኪሎግራም-ሜትር ይፈልጋል። ቁጥሩ እንዲገባችሁ፦ ግማሽ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 60 ኪሎ ሰው መቆም ማለት ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ጨምሩ እንጂ ወደ ኋላ አትመልሱት።

6. ሸራውን አቅርቡ

በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ጥርሳም ማስተካከያ አለ፣ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ። የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ አለበለዚያ የኋላው ያታልላችኋል። በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብታችሁ አንዱን ጎማው እስኪያዝ አዙሩ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ፔዳሉን ጠንከር አድርጋችሁ አንዴ ርገጡ፣ ሸራዎቹ መሃል ይይዛሉ፣ እንደገና ፈትሹ። ጎማው በነፃ መዞር አለበት፣ ጥቂት ፍጭት ብትሰሙ ችግር የለም።

ይህ ሳይሠራ አየር ማስወጣት የሚጀምር ሰው ቀኑን ሙሉ ያስወጣል። ፔዳሉ የረዘመው በአየር ሳይሆን በሸራው ርቀት ነውና።

7. አየር አስወጡ

ቅደም ተከተሉ ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ።

በመጀመሪያ ፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ አድርጉ፣ ወለል እንዳይነካ። አሮጌ ማስተር ዘወትር ያልተሄደበት ጥጉ ዝጓል። ፔዳሉ እዚያ ድረስ ከተረገጠ ጎሚኒው በዝገቱ ላይ ሄዶ ይቀደዳል። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ባሰበት» የሚሉት ይህ የደረሰባቸው ናቸው።

ቱቦውን ኒፕሉ ላይ ሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ንከሩ። ከዚያ ሦስት ቃል ነው፦

- «ርገጥ» ስትሉ ረዳቱ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ እናንተ ኒፕሉን ሩብ ዙር ትከፍታላችሁ።
- «ያዝ» ስትሉ ታች ይይዛል፣ እናንተ ትዘጋላችሁ።
- «ልቀቅ» ስትሉ ብቻ እግሩን ያነሳል።

ኒፕሉ ክፍት ሆኖ ፔዳሉ ከተነሳ ያወጣችሁት አየር ተመልሶ ይገባል። ረዳታችሁ ቃሉን መልሶ እንዲጮህ አድርጉት። በባጃጅ ጩኸት መሃል «ያዝ»ን «ልቀቅ» ብሎ የሰማ ረዳት ሦስት ጊዜ አስጀምሮኛል።

አረፋ እስኪያቆም ቀጥሉ። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ ባዶ ከሆነ ከዜሮ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ የወረደውን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ስለ ዘይቱ፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ። ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ በሙሉ ትቀይራላችሁ።

8. ቆማ ትፈተን

እያንዳንዱ ጎማ ሥርና ማስተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ፔዳሉን በሚዛኑ በለመዳችሁት 30 ኪሎ ለ1 ደቂቃ ያዙ። መስመጥ የለበትም። ካርቶኖቹን እዩ፣ የ11 ዳዶዎቹን በጣት ዳብሱ። የፍሬን መብራቱም ይታይ፣ ማብሪያው የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው።

9. መንገድ ላይ

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ፣ በ20፣ ከዚያ በ40 ኪሎሜትር በሰዓት። እጃችሁን ከመሪው ላላ አድርጉ፣ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። የቮልስ ሞተር ኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፣ እናንተ ቦዲውን ስታቀሉት ይበልጥ ቀሏል። በአሸዋ ወይም በእርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ጎማ ቀድሞ ይያዛል። የተያዘ ጎማ መሪ አይታዘዝም፣ ፔዳሉን ትንሽ ልቀቁ፣ ይመለሳል።

አዲስ ሸራ 200 ኪሎሜትር ያህል ከተማ ውስጥ ይለማመድ። ደንገጎን (በድሬና በሐረር መካከል ያለውን ዳገት) ከዚያ በፊት አትሞክሩት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። መውጣቱ የሞተሩ ሥራ ነው፣ ሲወርዱ ግን ያ ሁሉ ከፍታ በአራት ታምቡር ውስጥ ሙቀት ይሆናል።

ከላይ ስትጀምሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩ ይያዝ። ፔዳሉን ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ርገጡ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ ታምቡሩ ይተንፍስ። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። በፍጹም በዜሮ ማርሽ አትውረዱ።

መውረጃው ላይ ፔዳሉ ከተለወጠ ምን እንደሆነ ለዩ። ረዘም ካለ ግን ከያዘ፣ ታምቡሩ ግሎ ሰፍቷል፣ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ቁሙ። ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ካልቆመች ሸራው ግሏል፣ ሽታውም ይነግራችኋል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለል ከሄደ ዘይቱ ፈልቷል፦ ቶሎ ቶሎ ርገጡ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። እሱ የሚሠራው በገመድ ስለሆነ ዘይት ፈላ አልፈላ አይመለከተውም። ደረጃ 3 ላይ ዳዶዎቹን አትቅበሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ስትቆሙ ታምቡሩ ላይ ውሃ አታፍሱ። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ሻይ ጠጡ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ለፍሬን መስመር መጠቀም። ለመጠምዘዝ ቀላል ነው፣ በየሱቁም አለ። ግን ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል። ጫፉ በትክክል የተከፈተ የፍሬን ብረት ቱቦ ግዙ።

የሰርቮ መኪና ማስተር አውጥቶ፣ ሰርቮውን ጥሎ፣ ማስተሩን ብቻ መግጠም። ደረጃ 2ን ተመልከቱ።

ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ። በአዲስ የፍሬን ዘይት እጠቡት።

አንዱን የጎማ ቱቦ ብቻ መቀየር። ያረጀ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይት ያሳልፋል ግን አይመልስም፣ ያ ጎማ ተይዞ ይቀራል። በጥንድ ቀይሩ።

መክደኛውን ከዘጋችሁ በኋላ ቀለም ቀብቶ ብሎኖቹን መድፈን። አቦ፣ ይህንንም አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ

በየወሩ መክደኛውን ከፍታችሁ የዘይቱን ልክ እዩ። በየ1,000 ኪሎሜትሩ ሸራውን በማስተካከያው አቅርቡ፣ የቮልስ ታምቡር ራሱን አያስተካክልም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፣ ደንገጎን የሚመላለስ ሰው በየዓመቱ። ከመክደኛው በውስጥ በኩል በማርከር ሦስት ነገር ጻፉ፦ የማስተሩን ስፋት፣ የዘይቱን ዓይነት፣ የተቀየረበትን ቀን። መኪናዋን ነገ የሚከፍታት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ማስተሩን ፈቶ መለካት የለበትም።